አፍንጫዋ ጠባብ ናት፤ ፍሬቻውን የት እናድርገው?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ግቢያችን ውስጥ መኪና እየሠራን ነው። የአባታችን ቮልስ ለዓመታት ቆማ ቦዲዋን ዝገት በልቶታል። ሻንሲዋ፣ ሞተሯና ካምቢዮዋ ግን ደህና ናቸው። ስለዚህ የላይኛውን ክፍል አንስተን ከብረት ቱቦና ከላሜራ አዲስ ቦዲ ሠራንላት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ አፍንጫዋ ሾል ያለች ናት። ጎማዎቹ ከቦዲው ውጭ ናቸው። እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ፓራፋንጎ አለው።

ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣችው ሎተስ ሰቨን እንዲህ ዓይነት ነበረች። ክፍሎቿ ሳይገጣጠሙ ይሸጡ ነበር። ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ሲገጥማት የግዢ ታክሱ ይቀርለታል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ብሩስ ማየርስ በ1960ዎቹ የቮልስ ሻንሲ እያሳጠረ የፋይበር ቦዲ ይጭንበት ነበር። እኛም መንገዱን ከነሱ አየን።

ፍሬቻ ላይ ስንደርስ ግን ቆምን። አፍንጫዋ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ክብ ፍሬቻ ለጊዜው በሽቦ አሰርን። ያምራሉ። ላሜራውን ከመብሳቴ በፊት አውሮፓ ውስጥ የሚሠራበትን የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 48 አነበብኩ። የፊት ፍሬቻ ውጫዊ ጠርዝ ከመኪናዋ የመጨረሻ ጠርዝ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። በሁለቱ ፍሬቻዎች መሀል 60 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ከፍታው ከመሬት ከ35 ሴንቲ ሜትር አያንስም፣ ከ1 ሜትር ከ50 አይበልጥም።

የኛ መኪና ከኋላ ፓራፋንጎ ጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ60 ነው። ፍሬቻዎቹ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ 62 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ስለዚህ የ60ውን አልፈናል፤ ከጎን ግን 49 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተናል። ከፍታው 41 ነው፣ እሱም አልፏል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ስፋት ሲለካ ስፖኪዮ ይቆጠራል ወይ? ፍሬቻውንስ ወዴት ላውጣው?

ብዙ መልስ ስለመጣ፣ ዘግይቶ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ።

1ኛ

የመጀመሪያው መልስ ከአንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን መጣ። ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ቀጠለ። ስፖኪዮ እንደማይቆጠር ነገረኝ። የጎን ፍሬቻም አይቆጠርም። ጎማው መሬት በሚነካበት በኩል ወደ ጎን አበጥ የሚለውም አይገባም። ስለዚህ 1 ሜትር ከ60 ያልኩት ልክ ነው።

ቀጥሎ ግን ስህተቴን አረመ። ያ 60 ሴንቲ ሜትር የሚለካው ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ነው። የያንዳንዱ ፍሬቻ ስፋት 7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የቀረኝ 48 ብቻ ነው። 60ው ወደ 40 የሚወርደው አጠቃላይ ስፋቷ ከ1 ሜትር ከ30 ላነሰች መኪና ነው። የኛ ከዚያ ትሰፋለች። በሁለቱም ወድቀናል ማለት ነው። ይህን በትህትና ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ።

2ኛ

ፎቶ የት አለ የሚል ብቻ። ወንድሜ እየላከ ነው።

3ኛ

አንድ ባትላሜራ ፍሬቻውን ፊት ፓራፋንጎ ላይ እንድሰቅለው መከረ። ፓራፋንጎው ከሁሉ ወደ ውጭ የወጣ ስለሆነ የ40ው ጉዳይ በአንዴ ያልቃል ብሎ ነው። እውነት ለመናገር እኔም ያሰብኩት እሱን ነበር።

4ኛ

የ1ኛው ኤሌክትሪሺያን ተመልሶ 3ኛውን ተቃወመ። የኛ ፊት ፓራፋንጎ ከጎማው ጋር የታሰረ ነው። መሪ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ሹፌሩ ወደ ግራ ሊታጠፍ መሪውን ሲጀምር ፍሬቻውም ፊቱን ያዞራል። ፍሬቻ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ወደ ሌላ አቅጣጫ ያበራል ማለት ነው። ሽቦውም ቀን በቀን ሲተጣጠፍ መበጠሱ አይቀርም። ፍሬቻ የማይንቀሳቀስ አካል ላይ ይታሰር ብሎ ደመደመ። ባትላሜራው ከታች የመስማሚያ ምልክት ብቻ አድርጎ አለፈ።

5ኛ

እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ይህ ሰው ጅማ ተቀምጠን በአውሮፓ ሴንቲ ሜትር መጨነቃችን አናደደው። ለዓመታዊ ምርመራ መኪና ይዞ ስንት ጊዜ እንደገባ ቆጠረ። መርማሪው ግራ አብራ፣ ቀኝ አብራ፣ ፍሬን ርገጥ ከማለት አልፎ ሜትር ሲያወጣ አይቶ እንደማያውቅ ጻፈ። ከበራ በቃ፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ የሚል መንፈስ ነበረው።

እኔ በዚህ አልስማማም። መርማሪው ሜትር አወጣም አላወጣም፣ መንገዱ ላይ የሚመጣብኝ ሰው ያው ሰው ነው።

6ኛ

ከኔ በላይ የተቆጣ መለሰለት። ባለፈው ክረምት ሞተር ሳይክል እየነዳ ሳለ አንዲት ፒክአፕ ፊት ለፊቱ ታጥፋበት ወድቋል። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ወር ከምናምን ቤት ዋለ። የፒክአፗ ፍሬቻ ይበራ ነበር። ሹፌሩም አብርቻለሁ ብሎ ማለ፤ አልዋሸም። ግን ፊት ለፊት የተበየደው ወፍራም መከላከያ ብረት ፍሬቻውን ከጎን ጋርዶት ነበር። ከዚያ ወዲያ በራ ማለትና ታየ ማለት ለሱ አንድ እንዳልሆኑ ጻፈ። 5ኛውን በስሙ ጠርቶ ትከሻዬን መጥተህ እይ እስከማለት ደረሰ።

7ኛ

ይህኛው ነው ሐሳቤን የቀየረው። ሂርማታ ገበያ አካባቢ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። እስካሁን ሁላችንም ስለ ፊት ፍሬቻ ብቻ ማውራታችን ገርሞታል። እሱ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከመኪና ጎን ነው። ገበያ ቀን መንገዱ በአህያ፣ በጋሪና በተሸካሚ ሲሞላ ባጃጁ ከመኪናው በር አጠገብ ተጣብቆ ነው የሚሄደው። ከዚያ ሆኖ የፊቱም የኋላውም ፍሬቻ አይታየውም። የሚያየው ጎኑን ብቻ ነው። መኪናው ድንገት ቀኝ ከታጠፈ ደግሞ የሚጨፈለቀው እሱ ነው፣ ከኋላው የተቀመጡት ሦስት ተሳፋሪዎችም ጭምር።

ከዚያ ጠየቀኝ፤ የጎን ፍሬቻ አላት ወይ? አልነበራትም። ወረቀታችን ላይ እንኳ አልሣልናትም።

ደንቡን ተመልሼ አየሁ። ለጎን ፍሬቻ ከፊት ጫፍ ከ1 ሜትር ከ80 እንዳይርቅ ይላል። ብርሃኑም ወደ ኋላ በኩል መታየት አለበት። ከመኪናው ጎን 5 ዲግሪ ብቻ ትቶ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ። ያ ቦታ በትክክል ባጃጁ የሚሄድበት ነው።

8ኛ

የቴክኒክ መምህር ናቸው። በረጅሙ ጻፉ፤ እያንዳንዱ መስመር ጠቀመኝ። የፊት ፍሬቻ ወደ ውጭ 80 ዲግሪ፣ ወደ ውስጥ 45 ዲግሪ ድረስ መታየት አለበት። ወደ ላይና ወደ ታች 15 ዲግሪ ነው። ፍሬቻው ከመሬት ከ75 ሴንቲ ሜትር በታች ከተሰቀለ ግን ወደ ታች 5 ዲግሪ ይበቃል።

ይህን ያለ መሣሪያ የምንለካበትን ዘዴ አሳዩን። ቱንቢ ከፍሬቻው መሀል አውርዱ፣ መሬቱ ላይ በጠመኔ ነጥብ አድርጉ። ከነጥቡ ቀጥታ ወደ ፊት 1 ሜትር ሂዱ። ከዚያ በማዕዘን ወደ ውጭ 5 ሜትር ከ67 ዘርጉ። እዚያ የቆመ ሰው ከፍሬቻው ጋር ያለው መስመር 80 ዲግሪ ነው። ለ45ቱ ደግሞ 1 ሜትር ወደ ፊት፣ 1 ሜትር ወደ ውስጥ። ለ15ቱ ከ1 ሜትር ርቀት ላይ ዓይናችሁ ከፍሬቻው 27 ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ይበል። ለ5ቱ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሲባጎ፣ ሜትርና ጠመኔ ብቻ።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ ጨመሩ። ከፍታ የሚለካው መኪናዋ ባዶ ሆና፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ የጎማዋ ንፋስ ተስተካክሎ ነው።

9ኛ

የኔ መልስ። መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የፊት ግራ ጎማችን ንፋሱ ወርዶ ነበር። ሞልተነው ስንለካ 41 ያልኩት 43 ሆነ።

ከዚያ ሲባጎውን ዘረጋን። ዝናቡ አባርቶ ሊመሽ ሲል፣ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነበር። ወንድሜ ቁልፉን ያዘ፣ እኔ 5 ሜትር ከ67ቱ ላይ ቁጢጥ አልኩ። ፍሬቻው ይበራል፤ ድምፁ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ዓይኔ ላይ ግን ፍሬቻው የለም። የታየኝ የረጠበው ፓራፋንጎ ውስጠኛ ጎን ላይ የሚመጣና የሚጠፋ ብርቱካንማ ጥላ ብቻ ነው። ፍሬቻው ከፓራፋንጎው ጫፍ ጥቂት ጣት ወደ ኋላ ስለሆነ ጎማው ሙሉ በሙሉ ጋርዶታል። 6ኛው ስለ ፒክአፗ የጻፈው ትዝ አለኝ። የዚያኑ ማታ ሽቦውን ቆርጠን ከአፍንጫዋ አወረድናቸው።

ከ10ኛ እስከ 13ኛ

ውይይቱ ከመንገድ ወጣ። 10ኛው ባጃጅ ነጂዎች ራሳቸው ፍሬቻ እንደማያበሩ፣ እጃቸውን እንኳ ሳያወጡ እንደሚታጠፉ ጽፎ ወቀሰ። የ7ኛው ልጅ በ11ኛው ተመልሶ ተቆጣ። የሱ ፍሬቻ ሁሌም እንደሚሠራ፣ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ጭቃውን በጨርቅ እንደሚጠርግ፣ አንድ ሰው ባጠፋ ሁሉን መስደብ ነውር እንደሆነ ጻፈ። 12ኛው የአውቶሞቢል ሹፌሮችን ሰድቦ ነገሩን አባባሰው። 13ኛው ሁላችሁም መጀመሪያ ቡና ጠጡ የሚል ነበር፤ የጅማ ሰው መሆኑ ከዚያ ታወቀ። እኔ ከ7ኛው ጋር ነኝ። ሰው ጭቃውን ጠርጎ ከወጣ ሊከበር ይገባዋል።

14ኛ

አንድ አባት ልጆቼ ብለው ጀመሩ። የአጎታቸው ቮልስ እንዲህ ብልጭ የሚል ፍሬቻ አልነበራትም። እ.ኤ.አ. እስከ 1960 ድረስ ብዙዎቹ ቮልሶች ከበሩ ጀርባ ካለው ምሰሶ ውስጥ የምትወጣ ክንድ ነበራቸው። ሹፌሩ ሲጫናት ትነሳለች፣ ውስጧ መብራት አለ። ዝናብ ሲመታት ግን ትያዝ ነበር። አጎታቸው በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ምሰሶውን በጡጫ ጠብ ሲያደርጉት ነው ብቅ የምትለው። የልጅነታቸው ትልቁ ደስታ እሷን መጠበቅ እንደነበር ጻፉ።

ጋሼ፣ ይህን ስላካፈሉን እናመሰግናለን። ያቺ ክንድ ከጎን ወጥታ የምትቆም ስለነበረች ከፊትም ከኋላም የመጣ ያያታል። እኛ ሲባጎ ዘርግተን የምንፈልገውን ነገር ያኔ በሌላ መንገድ ሠርተውት ነበር።

15ኛ

ወንድሜ ገባ። ኤልኢዲ አምፖል ስለገጠመ ፍሬቻው ይጣደፋል። በስልኩ ሰዓት ይዞ በ15 ሴኮንድ 37 ጊዜ ቆጠረ። በደቂቃ 148 ማለት ነው። ደንቡ ግን 90 ይልና 30 ወደ ላይ፣ 30 ወደ ታች ይፈቅዳል፤ ከ60 እስከ 120። ምክንያቱን ጠየቀ።

16ኛ

አንዱ ሪዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወስዶ ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ፣ ግጠምበት አለው፣ 6 ኦም፣ 50 ዋት። ምክንያቱንም በደንብ አስረዳ። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው የድሮው ፍላሸር የተሠራው ለ21 ዋት አምፖሎች ነው። ፊትና ኋላ ሲበሩ 42 ዋት ይሆናል፣ በ12 ቮልት 3 አምፔር ተኩል። ኤልኢዲው የሚወስደው ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ፍላሸሩ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ለሹፌሩ ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ይፈጥናል።

17ኛ

ይህ ሰው 16ኛውን ሳይምር ተናገረው። ያ ሪዚስተር ሲሠራ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ያወጣል። ከሽቦ ወይም ከፕላስቲክ አጠገብ ከታሰረ ያቀልጣል። እንዲህ ያለ ምክር ለጀማሪ መስጠት ኃላፊነት የጎደለው ነው አለ። ለኤልኢዲ የሚሆን ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ቀይሩ፣ አለቀ። ቃሉ መረረ፣ ነገሩ ግን ትክክል ነው። ቀይረነው በ15 ሴኮንድ 22 ሆነ። በደቂቃ 88።

18ኛ

የ1ኛው ኤሌክትሪሺያን ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። የምትገዙት ፍሬቻ መስታወት ላይ በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር ፈልጉ አለን። ኢ1 ከሆነ ጀርመን የጸደቀ ነው፣ ኢ4 ከሆነ ሆላንድ። ከአጠገቡ ደግሞ የምድቡ ቁጥር አለ። ከፊት መብራቱ ብርሃን 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የራቀ ፍሬቻ ምድብ 1 ይበቃዋል፤ ዝቅተኛ ብርሃኑ 175 ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው)። ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ከቀረበ 1ኤ፣ 250 ካንዴላ። ከዚያም ከቀረበ 1ቢ፣ 400 ካንዴላ። የፊት መብራቱ ሲበራ አጠገቡ ያለውን ደካማ ፍሬቻ ይውጠዋልና ነው።

19ኛ

ስለ ሊብሬ። ሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር አለ። ሻንሲ ላይ የተመታው ቁጥር በብየዳም ሆነ በቀለም እንዳይሸፈን፣ የቦዲ ለውጡንም አስቀድመን ለሚመለከተው አካል እንድናሳውቅ መከረን። ሄደን ጠይቀናል፣ ወረቀቱ ተጀምሯል።

ከ20ኛ እስከ 22ኛ

ሞተሩን አውጥታችሁ በባትሪ አድርጓት የሚል መጣ። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ወሬ የማይነሳበት ቦታ የለም። ሁለቱ ስለ ባትሪ ዋጋ ተከራከሩ። የአባታችን ሞተር ይቆያል።

23ኛ

አንዲት እህት፣ ከባለቤቷ ጋር ጋራዥ የምትሠራ፣ ወደ ጉዳያችን መለሰችን። ከኋላ ጎማ ጀርባ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ፍሬቻ በጅማ ክረምት አንድ ጉዞ እንኳ ንጹሕ ሆኖ እንደማይጨርስ ጻፈች። ጎማው ጭቃውን በቀጥታ ይወረውርበታል። ቢያንስ ከፓራፋንጎው መሀል በላይ አውጡት፣ ከሥሩ ደግሞ ላስቲክ አንጠልጥሉ አለች። የኛ የኋላው 46 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር። ቁጥሩ ያልፋል፣ ጭቃው ግን አያሳልፈውም። ወደ 71 አነሳነው።

24ኛ

የመጨረሻ ልካችንን ጻፍኩ። የፊቱን ፍሬቻ የፊት መብራቱን ከሚሸከመው ቱቦ ላይ አወጣነው። ከመሪ ጋር አይዞርም። ከፓራፋንጎው ጫፍም ወደ ፊት ቀድሟል። ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ 1 ሜትር ከ10፣ ስለዚህ ከመኪናዋ ጠርዝ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ገባ። በመሀል 96። ከፍታው 63። ከፊት መብራቱ ብርሃን 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል። የጎኑ ፍሬቻ ከአፍንጫዋ ጫፍ 1 ሜትር ከ42 ላይ፣ ከበሩ ፊት ተቀመጠ። 5 ሜትር ከ67ቱ ላይ ድጋሚ ቁጢጥ አልኩ። አሁን ብርሃኑ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

25ኛ

የ7ኛው ልጅ ባጃጁን ይዞ ግቢያችን ድረስ መጣ። ከመኪናዋ ጎን አቁሞ ከመቀመጫው ሳይወርድ ወንድሜ ቀኝ እንዲያበራ ጠየቀ። ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ። ሦስት ቦታ ሞከረ። በሦስቱም እንደታየው እዚሁ ገብቶ መሰከረ።

26ኛ

የ5ኛው ሰው ተመለሰ። ስለ ክርክሩ ምንም አላነሳም። አጋሮ ውስጥ ለቡና መጫኛ የሚጎትተው ተሳቢ እንዳለው፣ ፍሬቻው ከጭነቱ ሥር እንደሚደበቅ ጽፎ፣ እኛ የተጠቀምንበትን ማሰሪያ ከምን እንደሠራነው ጠየቀ።

27ኛ

የኔ መልስ ለ26ኛው። ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቁረጥ፣ ጫፉን እጠፈው፣ ሁለት ቀዳዳ ብሳ። በላሜራውና በፍሬቻው መሀል ከድሮ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ አስገባ፤ ንዝረቱ አምፖሉን ይበላዋል። ተሳቢውን ጭነህ ለካው እንጂ ባዶውን ብቻ አትመን። ጆንያው ወደ ጎን ሲያብጥ ምን እንደሚጋርድ የሚታየው ያኔ ነው። ወደ ጅማ ከመጣህ ሲባጎውን ይዘን እንጠብቅሃለን።